ኬራስ ላይ የት ደረስኩ?

ሰላም ልጆች። አሁንም ኬራስ (KRAS) የሚባለው ጂን ላይ ነኝ። አብዛኞቻችን የካንሰር ጂን ብለን ነው የምናውቀው፣ እኔን ግን የያዘኝ ጤነኛው ነው። ጤነኛው እንደ አምፖል እንዴት በርቶ እንደሚጠፋ ሳይገባን የተበላሸውን ብናጠና ሽምደዳ ነው የሚሆነው።

ጂኑ 12ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ በብዛት የሚገኘው ዓይነት 188 አሚኖ አሲድ ብቻ። ጂዲፒ የምትባለውን ትንሽ ሞለኪውል ሲይዝ ይጠፋል፣ ጂቲፒ የምትባለውን ሲይዝ ይበራል፤ ሲበራ ህዋሱን እደግ፣ ተባዛ ይለዋል። ይሄን ሁላችሁም ክላስ ተምራችሁታል።

ጉዳዩ ያለው ማጥፋቱ ላይ ነው። ኬራስ ጂቲፒውን ራሱ ቆርጦ ጂዲፒ በማድረግ መጥፋት ይችላል፣ ግን ሲበዛ ዘገምተኛ ነው። ጋፕ የሚባሉት ረዳት ፕሮቲኖች መጥተው አርጂኒን የተባለ አንድ አሚኖ አሲዳቸውን ጂቲፒው አጠገብ ሲሰነቅሩለት ነው ሥራው የሚፈጥነው። ኬራስ ላይ 12ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ግላይሲን ነው፣ ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ። እሱ ተነስቶ ተለቅ ያለ ሲገባ አርጂኒኑ በደንብ መቀመጥ ያቅተዋል፣ ኬራስም እንደበራ ይቆያል። ለዚህ ሁሉ ዲኤንኤው ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ ይበቃል፤ ጂጂቲ (GGT) የነበረው ጂኤቲ (GAT) ሲሆን ግላይሲኑ በአስፓርቴት ይተካል። የቆሽት ካንሰር ላይ ከአስር ታማሚ ዘጠኙ ገደማ የኬራስ ሚውቴሽን አለበት።

ለጀማሪ አንድ ነገር፦ ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው፣ ይሄ ጂን የሚነበበው ጂኖም ብራውዘር (የጂኖም ማሳያ ድረ ገጽ) ከሚያሳየው በተቃራኒው ገመድ ላይ ነው። ስለዚህ ጂኖም ብራውዘር ላይ ጂጂቲ ፈልጋችሁ ኤሲሲ (ACC) ብታገኙ አትደንግጡ፣ ትክክል ነው።

ነገሩ በደንብ የበራልኝ በፓይሞል፣ የፕሮቲን ቅርጽ በሚያሳየው ሶፍትዌር፣ ሳየው ነው። የባህር ዳርን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፣ ደግነቱ የፕሮቲን ፋይል ከአንድ ፎቶ አይበልጥም፤ አንዴ ካወረዳችሁት መብራት ቢጠፋ እንኳ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ታገላብጡታላችሁ። እኔ ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ ነው የማየው፣ የጀልባ ደላላ ካልረበሸኝ። የማያቸው ፋይሎች ሁለት ናቸው፦ 4ኦቢኢ (4OBE) የሚለው ኮድ ጤነኛው ነው፣ ጂዲፒ ይዞ። 6ኦአይኤም (6OIM) ደግሞ 12ኛው ቦታ ላይ ግላይሲኑ በሲስቲን የተተካበት፣ ሶቶራሲብ የሚባለው መድኃኒት የተጣበቀበት። ሁለቱን ደርቡና እዩ! ጤነኛው ላይ የማይታይ ኪስ መድኃኒቱ ያለበት ላይ ተከፍቷል። ኬራስ ለዓመታት መድኃኒት አይይዘውም ሲባል የኖረው ገጹ ለስላሳ፣ መድኃኒት የሚገባበት ኪስ የማይታይበት ስለሆነና ጂቲፒን አጥብቆ ስለሚይዝ ነበር። ሶቶራሲብ ጂቲፒን ለማስለቀቅ አይታገልም፤ ኬራስ ጠፍቶ ሳለ ኪሱ ውስጥ ገብቶ 12ኛው ቦታ ላይ ካለው ሲስቲን ጋር ይጣበቅና እንደጠፋ ያስቀረዋል። አሜሪካ ውስጥ በ2021 ለሳንባ ካንሰር ተፈቀደ።

ግን ሲስቲን ከሌለ የሚጣበቅበት የለም። የቆሽት ካንሰር ላይ በብዛት ያለው ደግሞ አስፓርቴቱ ነው። ቀጥዬ የምገባው እሱ ላይ ነው። ፔዳ አካባቢ ያላችሁ ፓይሞል መጫን ከከበዳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ፋይሎቹን እሰጣችኋለሁ።