ሰውን ጎዳና የሚያወጣው

ሰው ለምን ጎዳና ይወጣል የሚለው ጥያቄ በእኛ ቤተሰብ ውስጥ ከተነሣ በቀላሉ አይበርድም። በዚህ እሑድም ከቡና በኋላ የተጀመረው ክርክር እስከ ምሽት ዘለቀ። ጡረታ የወጡት መምህርት አክስቴ አቋማቸው ግልጽ ነው፤ በየበረንዳው የሚያድረውን ሰው ለዚያ ያበቃው መጠጥ፣ ጫት፣ ከቤተሰብ ጋር መጣላት ወይም ሳያስቡበት ከገጠር ተነሥቶ መምጣት ነው ብለው ያምናሉ። «ልጄ፣ ቤትማ ድሮም ለደሃ ውድ ነበር፤ ያኔ ግን ይህን ያህል ሰው ሜዳ ላይ አይተኛም ነበር» አሉኝ። መሐንዲስ የሆነው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሁሉንም ነገር በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ያስረዳል፤ በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ክፍል ሠርቶ ለደሃ ማከራየት የማያዋጣ ሥራ ሆኗል ባይ ነው። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ነገር እንደዘለሉ ስለተሰማኝ፣ በቃል ያላሟላሁትን እዚህ ላስፍረው።

አክስቴ የዘረዘሯቸው ምክንያቶች ሐሰት አይደሉም። አውቶቡስ ተራና መርካቶ አካባቢ ከሚያድሩት ልጆች ብዙዎቹ መሬቱ ለቤተሰቡ አልበቃ ካለበት ገጠር የመጡ ናቸው። ሆስፒታል ገብተው ታክመው ቢወጡም የሚቀበላቸው ዘመድ ያጡ የአእምሮ ሕሙማን አሉ፤ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚያነሣቸውን ሰዎች ያየ ይህን ይረዳል። ከአረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ እኅቶች፣ በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ያፈናቀላቸው ቤተሰቦችም አሉ። ነገር ግን መጠጥም፣ ፍቺም፣ ሕመምም በሀብታም ቤት ውስጥ አለ። ባለሀብቱ ሰክሮ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ከባሏ የተፋታች ባለ ጥሩ ደመወዝ ሴት ስቱዲዮ ተከራይታ ኑሮዋን እንደገና ትጀምራለች። ሰውን የሚጥለው ችግሩ ነው፤ ሲወድቅ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ግን በዚያች ቀን ኪሱ ውስጥ ባለው ገንዘብ ሊገባበት የሚችል ክፍል በከተማው መኖር አለመኖሩ ነው። የእኔ ክርክር በሙሉ በዚህች ክፍል ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ደሃ ለረጅም ዘመን የኖረው ለእርሱ ታስቦ በተሠራ ቤት ውስጥ አልነበረም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራያቸው ለአሥርት ዓመታት በጥቂት ብሮች ላይ ስለቆመ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ጣሪያቸው ዝጎ፣ ግድግዳቸው ጎብጦ፣ መጸዳጃቸው ለብዙ አባወራ የጋራ ሆኖ አረጁ። ይሁን እንጂ ቤቱን በስሙ የያዘው ነዋሪ በጓሮው በጭቃና በቆርቆሮ ቅጥያ እየሠራ ለሌላው ያከራይ ነበር። ልብስ አጣቢዋ፣ ወዛደሩ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ከገጠር በቅርቡ የመጣው የጥበቃ ሠራተኛ የሚያድሩት እዚያ ነበር። ያን ኑሮ ማወደስ አልፈልግም፤ ክረምት ሲገባ ወለላቸው ውኃ የሚያመነጭ ክፍሎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሆንም ለውል፣ ለቅድሚያ ክፍያና ለደላላ አቅም የሌለው ሰው የሚገባባቸው ክፍሎች እነዚያ ነበሩ። ለአክስቴ ጥያቄ የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ ድሮ ሰው ሜዳ ላይ እምብዛም ያልተኛው ጠባዩ ከዛሬው ስለተሻለ ሳይሆን ቅጥያው ስለነበረ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንችስ ሲፈርሱ፣ ስማቸው በመዝገብ የሰፈረ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ ቤት ተሰጣቸው። ወደ ከተማው ዳርቻ መሄዳቸው በሥራቸውና በልጆቻቸው ትምህርት ላይ ያመጣው ጣጣ ብዙ ተብሎለታል፤ ተገቢም ነው። ስለ ቅጥያው ተከራይ ግን ብዙም ሲነገር አልሰማሁም።

ከመሥሪያ ቤታችን ማዶ በቆሎ እሸት የምትጠብስ አንዲት እናት አለች። ካዛንችስ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ቤት ጓሮ፣ ፍራሽ ተዘርግቶ ከጎኑ ሁለት ጀሪካንና አንድ የከሰል ምድጃ ብቻ በምታስቀምጥ ክፍል ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር ዓመታት ኖራለች። ግቢው ሲፈርስ አከራይዋ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። «እትዬ ደግ ሰው ናቸው፤ አልቅሰው ነው የተለዩኝ። ግን ወንድሜ፣ የእኔ ስም የት ተጽፎ ነው?» አለችኝ። ደላላ ይዞላት የሄደው ክፍል የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ተጠየቀበት፤ ተበድራ ገንዘቡን ካሟላች በኋላ አዲሷ አከራይ «ስንት ልጅ ነው ያለሽ?» ብላ ጠየቀቻትና ሁለት መሆናቸውን ስትሰማ፣ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ አይበቃንም ብላ መለሰቻት። አሁን ልጆቿን ገጠር እናቷ ዘንድ ልካ፣ እርሷ መርካቶ ውስጥ በአዳር ሒሳብ በሚከራይ አልጋ ታድራለች። ገበያ በጠፋ ቀን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ማደሪያዋ። አትጠጣም፤ ጫት አትቅምም፤ ከማለዳ እስከ ምሽት ትሠራለች። ጎዳና አዳሪ ናት እንዳይባል አልጋ ትከራያለች፤ ቤት አላት እንዳይባል ቤት የላትም። የጎዳና ተዳዳሪዎች በሚቆጠሩበት ሌሊት አልጋው ላይ ካደረች ከቁጥሩ ውጭ ትሆናለች።

በክርክሩ መካከል ኮንዶሚኒየም መነሣቱ አልቀረም። ብዙ ቤተሰብ ከኪራይ እንዳወጣ አልክድም፤ በታሪካችን ለከተማ ነዋሪ ያን ያህል ቤት የሠራ ሌላ ፕሮግራም አላውቅም። ነገር ግን የተሠራው ለባለቤትነት ነው፤ ባለቤትነት ደግሞ ቁጠባ ይጠይቃል። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ለዝቅተኛው ገቢ የተመደበው 10/90 (ከዋጋው አሥር በመቶውን ገዢው፣ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልበት) እንኳ በወር 187 ብር ሳያቋርጡ መቆጠብን ይፈልግ ነበር። ቋሚ ደመወዝ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነው፤ የዕለት ገቢው ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚቋረጥበት ሰው ግን እንዴት ይችለዋል? ከዚያም ዕጣው አለ። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው ከ15 ዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች አሉ፤ የሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዕጣም ማጭበርበር ተፈጽሞበታል ተብሎ ተሰርዞ እንደገና ወጥቷል። ዕጣ የደረሰው ሰው ራሱ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ሲል ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ እርሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን ባለ ደመወዙና በቆሎ ጠባሿ ለአንዲት የጭቃ ክፍል ይሻማሉ፤ በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት አገር ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው።

የአጎቴ ልጅ ተስፋ ያደረገው በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ ላይ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የዋጋ ጭማሪውንም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል የሚወስነው አድርጎታል። ውል ላለው ተከራይ ትልቅ መከታ ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ይሁንና አክስቴ እዚህ ላይ የተናገሩት ነገር ከሁላችንም ንግግር ይልቅ አስጨነቀኝ። በግቢያቸው ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ አንደኛው ከአዋጁ ወዲህ ባዶ ነው። «ሁለት ዓመት ተዋውዬ ሰውዬው ኪራዩን ቢያቆምብኝ፣ በጡረታ ገንዘቤ ፍርድ ቤት ልመላለስ? የማላውቀውን ሰው አስገብቼ ከምጨነቅ ባዶ ይቀመጥ» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ነገር ግን ብዙ አከራይ እንዲህ ካሰበ፣ ሕጉ ቤት ያለውን ተከራይ እየጠበቀ ቤት የሌለውን በር ላይ ያስቀረዋል።

በእኔ እምነት መንግሥት ከሚሸጠው ቤት ጎን ለጎን የማይሸጥና ዕጣ የማይወጣለት፣ ኩሽናውና መጸዳጃው የጋራ የሆነ፣ በሳምንትም በወርም የሚከፈልበት አንድ ክፍል ቤት በብዛት ሠርቶ ማከራየት አለበት፤ ሰፈር ሲፈርስም ከባለ መዝገቡ ጋር የቅጥያው ተከራይ መቆጠር አለበት። ይህ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ አክስቴን፣ ለዚያች እናት ዋስ የሚሆን ቢገኝ ክፍሉን ይሰጧት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «የታወቀ ዋስ ካለ ለምን እምቢ እላለሁ? ልጆቹም ይምጡ» አሉ። እኔ ብቻዬን ዋስ ብሆን ለእርሷ ይበቃል፤ ለሌሎቹ ግን አይበቃም። ዕድራችን ለድንኳንና ለወንበር የሚያስቀምጠው ተቀማጭ ስላለው፣ ኪራይ ለተቋረጠባቸው ወራት ከዚያ ላይ ዋስትና እንዲገባ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀርባለሁ። መተዳደሪያ ደንቡ ገንዘቡ ለሐዘን ብቻ እንዲውል ስለሚል ዳኛው መቃወማቸው አይቀርም፤ ደንቡን ለማሻሻል ደግሞ የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። እስከዚያው አባላቱን በየቤታቸው እየዞርኩ አነጋግራለሁ።