ሪስቶር የመጨረሻው ነው

የአፕል የድሮ ሙዚቃ ማጫወቻ የሆነው አይፖድ ክላሲክ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ዝም ሲል የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሪስቶር፣ እንደ አዲስ ወደሚያዘጋጀው ትእዛዝ ነው። ሪስቶር ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋል። ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖችና መዝሙሮች ያሉት እዚያች ሳጥን ውስጥ ብቻ ከሆነ በኋላ ቢያለቅሱ አይመለሱም። ቅደም ተከተሉን ጽፌ ማስቀመጥ የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ገመዱ፣ ቀጥሎ ዲስኩ፣ ከዚያ ፕሮግራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ዘፈን የሚጭነው አይቲዩንስ።

ገመዱን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። ክላሲክ የሚሰካው ባለ 30 ፒን በሆነው ሰፊ ገመድ ነው። በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፉት ሽቦዎች ብቻ ያሏቸው፣ ሁለቱ የዳታ ሽቦዎች የጎደሏቸው አሉ። ባትሪው ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ስለዚህ ቻርጅ ማድረጉ የገመዱን ደህንነት አያረጋግጥም። የአይፖዱ መሰኪያ ውስጥ የኪስ ብናኝ ታጭቆም ይሆናል፤ በደረቅ የጥርስ እንጨት ቀስ ብሎ ማውጣት ነው፣ መርፌ ግን በጭራሽ። ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) መሐል ካለ ተነቅሎ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካ፤ ውስጡ ያለችው 1.8 ኢንች ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ስትጀምር የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ አይበቃትም።

ገመዱ ደህና ከሆነ ዲስክ ሞድ፣ አይፖዱ እንደ ተራ ዲስክ ብቻ የሚከፈትበት ሁኔታ። ለእኔ ከሁሉም ሙከራ የሚበልጠው ይኸ ነው። የሆልድ ማንሸራተቻውን ብርቱካናማው እስኪታይ ገፍቶ መመለስ፣ ከዚያ የሜኑንና የመሐሉን ቁልፍ አንድ ላይ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ መያዝ። የአፕል ምልክት ብቅ ሲል ለቅቆ፣ ሳይዘገዩ የመሐሉንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ። ስክሪኑ ላይ ዲስክ ሞድ የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት። አሁን እንደ ፍላሽ ከታየ ገመዱም ዲስኩም ይሠራሉ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው።

ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ አይሆንም ማለት። ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ማክ ላይ የተዘጋጀ አይፖድ ኤችኤፍኤስ ፕላስ በሚባለው አደረጃጀት ነው የሚጽፈው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን አያነብም። ዊንዶውስ ላይ የተዘጋጀው ደግሞ በፋት32 ነው የሚጽፈው፤ ማክ ሁለቱንም ያነባል፣ ዊንዶውስ ከሁለቱ ፋት32ን ብቻ። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ያገለገለ አይፖድ ላይ ይህ ቢያጋጥም አይገርምም። የማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ፈልጎ ዘፈኖቹን መገልበጥ ይቀድማል። ዲስኩ በዊንዶውስ የዲስኮች ዝርዝር፣ በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ እየታየ ፎልደሮች መካከል ግን ከሌለ፣ የድራይቭ ፊደሉ ከኔትወርክ ድራይቭ ጋር ተጋጭቶ ይሆናል፤ ሌላ ፊደል መስጠት ይበቃል።

አይቲዩንስ «ይህ አይፖድ ከሌላ ላይብረሪ ጋር ነው የተመሳሰለው፣ አጥፍቼ ላመሳስል?» ካለም መልሱ ያው እምቢ ነው። አይፖድ በራስ ሰር የሚመሳሰለው ከአንድ ላይብረሪ፣ ከአንድ ኮምፒውተር የዘፈን ስብስብ ጋር ብቻ ነውና። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጎ አይፖድ ኮንትሮል የሚለውን ፎልደር እንዳለ መገልበጥ። ሙዚቃው ኤፍ00፣ ኤፍ01 እያሉ በሚቀጥሉ ፎልደሮች ውስጥ፣ ትርጉም በሌላቸው ባለ አራት ፊደል ስሞች ተቀምጧል። የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈ አይቲዩንስ መልሶ ያነበዋል። ከካሴት የተገለበጡት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልተጻፈም፤ ስማቸው ያለው እዚያው አይፖድ ኮንትሮል ውስጥ ባለው የአይቲዩንስ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ነው። የሙዚቃውን ፎልደር ብቻ ገልብጦ የቀረውን መተው ማለት ስም የለሽ የሆኑ መቶ ዘፈኖችን እያዳመጡ መለየት ማለት ነው።

ከተገለበጠ በኋላ ልብ ይረጋጋል። ዊንዶውስ ላይ አይፖድ ሰርቪስ የሚባለውን ከሰርቪሶች ዝርዝር አቁሞ ማስነሳት፤ ካልሆነ አይቲዩንስን አጥፍቶ እንደገና መጫን። ማክ ላይ ከ2019ኙ የማክኦኤስ ስሪት ከካታሊና ወዲህ አይቲዩንስ ስለሌለ የፋይል መክፈቻው ፋይንደር ውስጥ በግራ በኩል መፈለግ ነው።

ማመሳሰሉ ጀምሮ መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ላይ ከቆመ ያን ፋይል አውጥቶ መሞከር። በተለያየ ቦታ ከቆመ፣ በተለይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ፣ ዲስኩን መጠርጠር ይገባል። ከ2007 ወዲህ የወጡት ክላሲኮች ይህን ራሳቸው ይናገራሉ፦ እንደቀድሞው በሜኑና በመሐሉ ቁልፍ አስነስቶ የአፕል ምልክት ሲመጣ የመሐሉንና የወደኋላውን ቁልፍ መያዝ፣ ሜኑን ተጭኖ ወደ አይኦ፣ ሃርድ ድራይቭ፣ ኤችዲ ስማርት ዳታ መሄድ። ፔንዲንግ ሴክተርስ፣ ማለትም ለማንበብ ያስቸገሩት የዲስኩ ክፍሎች ቁጥር፣ ዜሮ ካልሆነና በየጊዜው ከጨመረ ዲስኩ እየሞተ ነው። ያኔ ሪስቶር ማድረግ ጊዜ ማባከን ብቻ ነው። ዲስኩን አውጥቶ የኤስዲ ካርድ አዳፕተር መግጠም ይሻላል፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ባትሪውም ይቆያል። ሽፋኑ ሲከፈት የባትሪዋ ቀጭን ሪባን እንዳትቀደድ ግን ሁለቱን ክፍሎች በኃይል መለያየት አይገባም።

ሪስቶር እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ቦታው፤ አዲሱ ካርድ ከገባ በኋላ።