ወንዙ ያላመጣው ድንጋይ

የወንዝ ወለል ሸካራነት ሲባል ብዙ ሰው ጥቃቅን ዝርዝር ይመስለዋል። እኔ ግን ድልድይ ሊሠራ ሲታሰብ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ወለሉ ነው። ወለሉ ሻካራ ከሆነ ጎርፉ ይዘገያል፣ ከፍታውም ይጨምራል። ለስለስ ካለ ፈጥኖ ያልፋል። በስሌት ይህን የምንይዘው የማኒንግ ቁጥር በሚባለው ነው። ንጹሕና ቀጥ ላለ ወንዝ 0.03፣ ጠጠርና ኮረት ለበዛበት የተራራ ወንዝ 0.04 አካባቢ ይያዛል። ቢሮ ተቀምጦ ከሠንጠረዥ አንስቶ መሙላት ይቻላል። እኔ ወንዙ ድረስ መሄዱን እመርጣለሁ።

ለዚህ ምክንያት የሆነኝ ገጠመኝ የአቃቂ ነው፣ ትልቁ አቃቂ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ ታስቦ። ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። ውኃው ስላነሰ የወንዙ ጠጠር ወጥቶ ይታያል። የምንለካበት ቦታ ቀደም ብሎ ካርታ ላይ ተመርጧል።

የምንለካው ዎልማን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ባስተዋወቀው ዘዴ ነው። ጠጠሩ ላይ እየተራመዱ፣ ወደ መሬት ሳያዩ፣ ከጫማ ጫፍ ላይ የእጅ ጣት መጀመሪያ የነካውን ድንጋይ ማንሳት። ረጅሙንም አጭሩንም ጎን ትቶ መካከለኛውን መለካት። 100 ድንጋይ እስኪሞላ መቀጠል። ሳያዩ ማንሳቱ ዋናው ነገር ነው። ዓይን ትልቅ ትልቁን ይመርጣል፣ ትንሹን ይዘላል።

አብራኝ የነበረችው ወጣት መሐንዲስ ይህን አንድ በአንድ ጠብቃ ነው የሠራችው። ቦቲ ጫማ፣ ጓንት፣ የድንጋዩን ጎን የሚለካ ካሊፐር። የአቃቂ ውኃ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚወርድ በባዶ እጅ አይነካም። ቅጹ ሲሞላ ግማሹ ድንጋይ ከ13 ሴንቲሜትር በላይ፣ ግማሹ በታች ሆነ።

ትንሽ ዝቅ ብሎ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። አንድ ሸበቶ አባት አካፋቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ድንጋዩን ምን ሊሆንሽ ነው የምትለኪው?»

«ጎርፍ ሲመጣ ወንዙ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይሄን ተዪው። ይሄን ወንዙ አላመጣውም፣ ሲኖ ነው የደፋው። የወንዙ እዚያ ላይ ነው ያለው» አሉና ወደ ላይኛው መታጠፊያ ጠቆሟት።

ጎንበስ ብላ ማገላበጥ ጀመረች። እውነታቸውን ነው። የብዙው ድንጋይ ጠርዝ ስለታም ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሲሚንቶ ተጣብቋል። ወንዝ እያንከባለለ ያመጣው ቢሆን ጠርዙ ተበልቶ ይሞልል ነበር። ሌላም ምልክት አለ። ጎርፍ ያስቀመጣቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ፣ ፊታቸውንም ውኃው ወደሚመጣበት ያዘነብላሉ። እዚህ ግን እንደተዘረገፈ ነው ያለው። አዲስ አበባ ዳር ዳር እየሰፋች ስትሄድ የፍርስራሽ መድፊያ የሚሆነው ወንዝ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ወደ መታጠፊያው ወጥተን እንደገና ቆጠርን። መጠኑ በግማሽ ወረደ፣ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል አካባቢ።

«ታዲያ በስሌቱ ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በስትሪክለር ቀመር የማኒንግ ቁጥር የሚያድገው በድንጋዩ መጠን ስድስተኛ ሥር ነው። ድንጋዩ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ የሚጨምረው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ከ0.030 ወደ 0.034 እንደማለት ነው። የጎርፉን ከፍታ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አደጋ አያመጣም።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያው የድንጋይ መጠን የድልድዩን እግር ጎርፍ ምን ያህል እንደሚቦረቡረው ለማስላትም ይገባል። ሺልድስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሳየው ተነስተን ስናሰላ፣ ትልልቅ ጠጠርን ከቦታው ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው የውኃ ጉልበት ከድንጋዩ መጠን ጋር እኩል ያድጋል። ድንጋዩ እጥፍ ሆኖ ከተመዘገበ ወለሉ እጥፍ ጠንካራ ሆኖ ይታያል። ያን ያየ ሰው መሠረቱን ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። የሲኖው ፍርስራሽ ደግሞ ጥቂት ቦታ ላይ የተደፋ ነው፣ የድልድዩ እግር የሚቆመው ወንዙ በራሱ ባነጠፈው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሊፐር ሳይወጣ ወንዙ ዳር የሚውል ሰው ፈልገን እናነጋግራለን። አሸዋ አውጪ፣ እረኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ማንም ይሁን። ካርታ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

ሁለቱንም ቆጠራ ለየብቻ ጽፈን፣ የተደፋው ከስሌት እንዲወጣ አስታውቀን ላክን። መሠረቱን የሚያሰላው ባለሙያ በማግስቱ ደወለ። የላዩን ብቻ ሳይሆን የሥሩንም ናሙና ፈልጎ ነው። ልክ ነበር። ጠጠር ወለል ላይ ትልልቁ ከላይ ይቀራል፣ ሥሩ ደቃቅ ነው። ያ የላይኛው ንብርብር አንዴ ከተነሳ ጎርፉ ሥሩን በፍጥነት ይቆፍረዋል። ተመልሰን መታጠፊያው ላይ ቆፈርን፣ አባባም አካፋቸውን አዋሱን። ከሥር የወጣው አብዛኛው አሸዋ ነበር። እሱንም ነፍተን ላክንለት።