ሲራ ወይን ከበግ ጥብስ ጋር

ሲራ የተባለውን ቀይ ወይን ለእራት እንዳስብ ያደረገኝ የጥብስ ቅጠል ነው። ፈረንሳዮች የሮን ሸለቆን ሲራ ከሮዝመሪ ጋር ከተሠራ የበግ ሥጋ ጋር ማቅረብ ይወዳሉ። ሮዝመሪ ማለት ደግሞ እኛ ጥብስ ላይ ጣል የምናደርገው ቅጠል ነው። ታዲያ ምን ቀረን?

የገዛሁት የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ሲራ ነው። ዝርያው የመጣው ከፈረንሳይ ነው። አውስትራሊያዎች ሺራዝ የሚሉትም ይኸው ነው። ስሙ ቢለያይ አትደናገጡ።

ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል ሲባል የቀዝቃዛ አገር ክፍል ማለት ነው። ሲራ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠርሙሱን 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆየሁት። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ እየሰነፈጠ ሌላውን ሽታ ይሸፍነዋል።

ከዚያ ብርጭቆውን ሲሶ ያህል ብቻ ሞላሁ። ሞልቶ መቅዳት ለእንግዳ ክብር ነው፤ ለማሽተት ግን ቦታ ያስፈልጋል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዘንበል አድርጌ አየሁት። ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረው፤ ጠርዙ ላይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳልነካካው አሸተትኩት፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን አሽከርክሬ። ፕሪም፣ ትንሽ ጭስ፣ ከዚያ ቁንዶ በርበሬ። ቁንዶ በርበሬው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር በሲራም በቁንዶ በርበሬም ውስጥ አለ። ባለቤቴ ግን "ምኑ ነው የሚሸትህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከ5 ሰው 1ዱ ገደማ ይህን ሽታ ጨርሶ አያሸተውም።

ስትጎነጩት ድድ የሚያደርቀው ታኒን ነው። ብቻውን ሲጠጣ ይጎረብጣል። ሥጋና ስብ ሲያገኝ ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ ስብ ያለውን የበግ ሥጋ መረጥኩ። ቀይ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ትንሽ ንጥር ቅቤ፣ መጨረሻ ላይ በወፍራሙ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ። ቃሪያ የለም፣ አዋዜ የለም።

አጎቴ ይሄ አልተዋጠላቸውም። "ጥብስ ያለ ሚጥሚጣ?" ብለው አስመጡ። አንድ ጉርሻ ነክረው በሉ፣ ወይኑን ጎነጭ አደረጉበት፣ ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄ ነገር ያቃጥላል እኮ!"

"ጋሼ፣ ሚጥሚጣውን ይተዉትና እንደገና ይሞክሩት" አልኳቸው።

አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፣ ሲራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ13 በመቶ አያንስም። ሚጥሚጣውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሲሞክሩት ግን ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቁ።

በጾም ቀን እንጉዳዩን በዘይት፣ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ጠበስ ማድረግ ይቻላል፤ ከሲራ ጋር በደንብ ይሄዳል። ለዶሮ ወጥ ግን ሲራ አልመክርም። በርበሬው በዝቷል፤ ወይኑን ይገድለዋል። ለእሱ ጣፈጥ ያለ ጠጅ ይሻላል።