ያላየነውን ጨዋታ ስንከራከር

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነበርኩ። ምሳ ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የወንድሜ ልጅ ከስልኩ ቀና አለና፣ "አጎቴ፣ እነዚያ የምታወራላቸው የድሮ ተጫዋቾች እኮ ዛሬ ቢሆን ተጠባባቂም አይሆኑም" አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ለትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ይጫወታል፤ በቁመት ካለፈኝ ቆይቷል። ቡናው በእጃችን ላይ እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። አሁን ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ተነስቼ እጽፋለሁ። የምፈልገውን ሁሉ አልነገርኩትም።

እኔ የቢል ራስል፣ የያኔው የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን ኮከብ፣ ሰው ነኝ። የወንድሜ ልጅ ግን ቁጥር መፈለግ ከጀመረ በኋላ ከድሮዎቹ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አጸደቀ፤ የራስልን ተፎካካሪ ዊልት ቻምበርሊንን። አይፈረድበትም። ዊልት በ1961-62 የውድድር ዘመን በአማካይ በጨዋታ 50.4 ነጥብ አስቆጥሯል። ጨዋታው 48 ደቂቃ ሆኖ ሳለ የእሱ አማካይ የሜዳ ቆይታ 48.5 ደቂቃ ነበር፤ የተጨማሪ ሰዓቱም ስለሚቆጠር። ልጁ ይህን ሲያነብ ስህተት መስሎት ሁለት ጊዜ መልሶ አነበበው።

መቶ ነጥብ ያስቆጠረበትን ቀን እኔ በቀላሉ አልረሳውም። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962 ነው፤ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ዕለት። ፔንስልቬንያ ውስጥ ኸርሺ በምትባል የቸኮሌት ከተማ የዊልት ፊላዴልፊያ ዋሪየርስ ኒውዮርክን 169 ለ147 አሸነፈ። አዳራሹ ውስጥ 4,124 ተመልካች ነበር፣ ቴሌቪዥን ግን አልነበረም። የቀረልን "100" የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የተነሳው ፎቶና የሬዲዮ ድምፅ ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ መኪና ማቆሚያ ስሠራ አብሮኝ የሚያድር አንድ የፊላዴልፊያ ሽማግሌ ነበር። ያን ማታ በልጅነቱ ጨዋታውን ሬዲዮ ላይ እየሰማ፣ ነጥቡን በእርሳስ ደብተሩ ላይ ሲቆጥር እንዳመሸ ነግሮኛል። ቅርጫት ኳስን ያስወደደኝ እሱ ነው፤ በራስል ጉዳይ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማንም።

ከዚያ ጨዋታ አርባ ቀን በፊት፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አባቴ አዲስ አበባ ስታዲየም ቆመው ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ2 ስታሸንፍ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አይተዋል። ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት ነው የጨረስነው። አባቴ ስለ ሉቺያኖ ቫሳሎና ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲያወሩ ግብ ቆጥረው አያውቁም። መንግሥቱ ኳስ ሊመጣለት ሲል ተከላካዮቹ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚሸሹ ተነስተው በእግራቸው ያሳዩናል። "ውጤቱን ጋዜጣ ይነግርሃል፤ ጨዋታውን እኔ ልንገርህ" ይሉ ነበር። ስለ ራስል ለማስረዳት ስሞክር ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ምክንያቱም ራስል የሠራው ሥራ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ አልነበረውም። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ብሎክ፣ ማለትም ወደ ቀለበቱ የተወረወረን ኳስ በእጅ መከልከልን፣ መቁጠር የጀመረው እሱ ካቆመ ከዓመታት በኋላ፣ በ1973 ነው። ለልጁ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ቅንጭብ ከፈትኩለት። አጥቂው ወደ ቀለበቱ ይነሳል፣ ኳሷ ከእጁ ትወጣለች፣ ከጎን አንድ ረጅም ግራ እጅ ይመጣል። አይመታትም። በጣቱ ጫፍ ብቻ ወደ ላይ ያነሳታል፤ ከዚያ እሱው ይቀበላትና ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ለሚሮጠው ጓደኛው ይወረውራታል። ሌላው ተጫዋች ኳስን ወደ ተመልካች ሲጠልዝ ሕዝቡ ያብዳል፣ ኳሷ ግን ተመልሳ የተቃራኒ ትሆናለች። ራስል ሁለት ነጥብ ከልክሎ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሁለት ነጥብ ያመጣል። ደግሞም እሱ እዚያ አለ ብሎ የፈራ ተጫዋች ሳይሞክር የተወውን ኳስ ማን ይቁጠረው?

በ13 ዓመት 11 ሻምፒዮና። ዊልትና ራስል ከ140 ጊዜ በላይ ተገናኝተው አብዛኛውን ጊዜ በነጥብም በሪባውንድም (ስቶ የተመለሰ ኳስ በመያዝ) የበለጠው ዊልት ነው፤ ብዙውን ያሸነፈው ግን የራስል ቡድን ነው። አንድ ነገር ግን ለሽማግሌው ስል ልመን፦ የ1967ቱ የዊልት ቡድን ፊላዴልፊያ፣ 68 አሸንፎ 13 ብቻ የተሸነፈው፣ ከየትኛውም የራስል ሴልቲክስ የሚበልጥ ቡድን ይመስለኛል። ያን ዓመት ዊልት ማስቆጠሩን ቀንሶ ማቀበሉን አበዛ፣ ቦስተንንም አምስት ጨዋታ ውስጥ አሰናበቱ።

ልጁ፣ "ስምንት ቡድን ብቻ እኮ ነው የነበረው!" አለኝ። ልክ ነው፤ ራስል ሲጀምር ስምንት ነበሩ። ስምንት ማለት ግን ደካማ ቡድን የለም ማለት ነው፤ ዊልትንም በየዓመቱ ደጋግመህ ትገጥመዋለህ። እሱ የሚያውቀው ደግሞ ሜዳውን ብቻ ነው። በ1961 ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ላይ የሴልቲክስ ጥቁር ተጫዋቾች ሆቴሉ ምግብ አንሰጥም ሲላቸው ሳይጫወቱ አውሮፕላን ተሳፍረው ተመለሱ። ራስል ዋንጫ በሚያመጣላት ከተማ አጠገብ፣ ሬዲንግ የሚገኘው ቤቱ ተሰብሮ ተበላሽቶበታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1966 የኤንቢኤ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ እየተጫወተም። ይህን ስነግረው ልጁ ስልኩን አስቀመጠ።

የ1969ኙን የፍጻሜ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ መጨረሻ አብረን አየነው። ሴልቲክስ ያረጀ ቡድን ነበር፤ የምሥራቁን ምድብ በአራተኛነት ነው የጨረሰው። ተጋጣሚዎቹ የሎስ አንጀለስ ሌከርሶች ዊልትን፣ ጄሪ ዌስትንና ኤልጂን ቤይለርን ይዘው፣ ለድሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊኛዎች ጣሪያ ላይ ሰቅለዋል። ዊልት ጉልበቱን አመመውና ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ወጣ። ልመለስ ቢል አሰልጣኙ እምቢ አለው። ቦስተን 108 ለ106 አሸነፈ፣ ፊኛዎቹም ሳይወርዱ ቀሩ። ዌስት 42 ነጥብ አስቆጥሮ፣ ተሸንፎ ሳለ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ራስል በዚያው አቆመ።

ከዚያ በኋላ ራስል በአደባባይ ዊልት መውጣት አልነበረበትም ብሎ ተናገረ። ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ፤ ለምስጋና ቀን አንዱ ሌላው ቤት ማዕድ የሚቆርስ። በዚያ ንግግር የተነሳ ለሃያ ዓመት ያህል ተኳረፉ። እኔ ራስልን እንዲህ እየወደድኩ፣ እዚህ ላይ ተሳስቷል እላለሁ። ዊልት ልመለስ ብሎ ጠይቋል፤ ወንበር ላይ ያስቀረው ሌላ ሰው ነው።

"ሃያ ዓመት ሙሉ?" አለች የወንድሜ ባለቤት ሦስተኛውን እየቀዳች። "የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ ጠፍቶ ነው?"

መጨረሻ ላይ ራስል ይቅርታ ጠይቆ እንደታረቁ፣ ዊልት በ1999 ሲሞት ተታርቀው እንደነበር ነገርኳት። "እሰይ" ብላ ሲኒውን አቀበለችኝ። ልጁ ግን አልሰማንም። ሪሞቱን ወስዶ ያችን በግራ እጅ የተነሳች ኳስ ወደ ኋላ መልሶ፣ ቀስ አድርጎ እያስኬደ፣ ራስል እግሩ መቼ ከመሬት እንደተነሳ እያየ ነበር።