የእሑድ ከሰዓት የገቢ ማሰባሰቢያ፦ እስካሁን የደረስንበት

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ትንሽ ማኅበር ይዛችሁ በዓመት አንዴ የገቢ ማሰባሰቢያ ለምታዘጋጁ ሁሉ፣ የዘንድሮው ዝግጅታችን የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። እኛ የምንሰበስበው ገጠር ላሉ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍትና የንባብ ክፍል ነው። ለአዳራሽና ለጌጥ የሚወጣው ሁሉ ከልጆቹ መጽሐፍ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ፣ ትርፍ የሚባለውን ነገር ጠበቅ አድርጌ ነው የያዝኩት።

መጀመሪያ የወሰንነው ቀኑን ነው። ቅዳሜ ማታን ትተን እሑድ ከሰዓት አደረግነው። ቅዳሜ ማታ አዳራሽ ውድ ነው፣ ሠርግ አለ፣ ልደት አለ፣ ልጆቹን የሚይዝለት ያጣ ሰው ደግሞ ቲኬት ገዝቶም ይቀራል። ዓርብ ይረክሳል ግን ጾም ነው። እሑድ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጠላውን እንደለበሰ፣ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። በማግስቱ ሥራ ስላለም ማንም እስከ እኩለ ሌሊት ልቆይ አይልም፤ ይሄ ለዲጄውም ለአዳራሹም ሂሳብ ጥሩ ነው። ወቅቱ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ሆኖ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ነው። ያቺ ክፍተት ሁለት ወር አትሞላም፣ ሁሉም ማኅበር ይሻማባታል። ስለዚህ አዳራሹን በጊዜ ያዙ። ጁላይ 4 ሰሞን በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ሳምንት ስለሆነ ያኔ ስልክ የሚያነሳላችሁ አታገኙም።

ቲኬቱን እንደ ትርፍ አንቆጥረውም። ቲኬት ምግቡን ይሸፍን፣ ስፖንሰር አዳራሹንና ሳውንዱን ይሸፍን፣ አዳራሽ ውስጥ የሚሰበሰበው በሙሉ ለመጽሐፍ ይሂድ፤ ይሄን በግልጽ ስንነግራቸው ስፖንሰሮችም ደስ ይላቸዋል። የሐበሻ ሬስቶራንቶች፣ የቤት ሻጮች፣ የታክስ ሠራተኞችና የጥርስ ሐኪሞች በየሳምንቱ የሚለምናቸው ሰው አያጡም። ደብዳቤ ከመላክ ይልቅ በአካል ሄዶ፣ ምን ያህል እንደምንፈልግና ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ አሳይቶ፣ ቶሎ መልስ መጠየቅ ነው የሠራልን። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ደግሞ አንድ ባለቤት አለው። ያ ሰው አሥር ወንበሩን በራሱ ወዳጆች ይሞላል። ሰው ፍላየር አይቶ ሳይሆን «ና፣ ከኔ ጋ ትቀመጣለህ» ሲባል ነው የሚመጣው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ደረሰኝ። 501 ሲ 3 (በአሜሪካ ሕግ ከታክስ ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ከሆናችሁ፣ ሰው ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ በምላሹ ምግብ ወይም ዕቃ ካገኘ፣ ከከፈለው ውስጥ ስጦታው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ልትነግሩት ግዴታ ነው። ቲኬቱ 150 ዶላር ሆኖ ምግቡ 60 የሚያወጣ ከሆነ፣ ታክስ ከሚከፍልበት ገቢው ላይ ሊቀነስለት የሚችለው 90ው ብቻ ነው። ይሄን ካልጻፋችሁ አይ.አር.ኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) በእያንዳንዱ ክፍያ 10 ዶላር፣ ለአንድ ዝግጅት እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ደግሞ ያለ ደብዳቤያችሁ ማስቀነስ አይችልም። የጨረታ ዕቃ የገዛም እንደዚሁ ነው፣ ከገበያው ዋጋ በላይ የጨመረው ብቻ ነው ስጦታ የሚባለው፤ ስለዚህ ከሥዕሉም ከጥልፉም አጠገብ የሚገመተውን ዋጋ ጽፈን እናስቀምጣለን። የቲኬቱን ጽሑፍ በዚህ መሠረት አስተካክለን አሳትመናል።

የምወደው ክፍል ግን ቡናው ነው። ሌላ ጊዜ ንግግር ይበዛል፤ ሊቀመንበሩ፣ እንግዳው፣ ቪዲዮው፣ ከዚያ ገንዘብ ሲጠየቅ ግማሹ ሰው ኮቱን ለብሷል። አሁን ሰው እንደገባ ይበላል፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ርቦታል። ከዚያ ቡና ይቀርባል፣ ፕሮግራሙም በቡናው ይመራል። አቦል ሲቀዳ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ ያውም ገጠር ያስተማረ መምህር፣ ለአጭር ጊዜ። ቶና ላይ ልገሳው ነው። በረካ ላይ የተሰበሰበው ይነገራል፣ ይመረቃል፣ ሰው ወደ ቤቱ።

ይሄን ማኅበርተኞቹ ብቻ ሆነን አንድ ቤት ውስጥ ሞከርነው። መጀመሪያ ያየነው ጭሱን ነው፤ የአዳራሽ የጭስ ጠቋሚ ቀልድ አያውቅም፣ ከሰልና ዕጣንማ ጭራሽ አይሞከርም። ስለዚህ ቡናው ውጭ ይቆላል፣ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ የተቆላው ቡና ግን እየዞረ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይሸተታል። ሁለተኛው ሰው የሚሰጠውን የሚጽፍበት ካርድ ነው። ስኒው ሲመጣ ካርዱና እስክሪብቶው ከስኒው ጋር በአንድ ትሪ ይመጣል። መድረክ መሪዋ ከትልቁ ትጀምራለች፣ 5,000 የሚሰጥ እጁን ያውጣ፣ ከዚያ 2,500፣ ከዚያ 1,000፣ እስከ 50 ትወርዳለች። ከላይ ወደ ታች መውረዱ ትልቅ ነገር ነው፤ 100 ይዞ የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ በኩራት ይጠብቃል፣ ማንም ከመቶ ተጀምሮ ሺህ ላይ አይሸማቀቅም። ትልቁን እጅ የሚያወጣው ሰው ደግሞ አስቀድሞ የተነጋገርነው ነው። ሌላ አንድ ለጋሽ ሰው በሰጠው ልክ እስከ ተወሰነ መጠን ከራሱ ሊጨምር ቃል ሰጥቶናል፣ እግዜር ይስጠው።

ቃል ተገብቶ የማይከፈለው ነገር ሁላችንንም ያማርራል። ካርዱ ላይ ስልክ ቁጥርና «ዛሬ / በ30 ቀን ውስጥ» የሚል ምርጫ አለ፣ ሁለት ልጆች ደግሞ ስልክ ይዘው እየዞሩ እዚያው ይቀበላሉ። በባንክ ካርድ ሲከፈል 3 በመቶ ገደማ ይቆረጣል፤ በዜል (ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ በስልክ መላኪያ) ብዙ ጊዜ ምንም አይቆረጥም ግን የላኪውን ስም እዚያው መመዝገብ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ለማን ደረሰኝ እንደሚጻፍ ይጠፋል። ትልቅ ኩባንያ የሚሠሩ ሰዎችም አሉ። ማይክሮሶፍትን የመሰሉ ቀጣሪዎች ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ፤ ካርዱ ላይ «የት ነው የሚሠሩት?» የምትል መስመር የጨመርነው ለዚህ ነው።

አዳራሹ ተይዟል፣ ቀብዱ ተከፍሏል፣ አብዛኛው ጠረጴዛ ባለቤት አግኝቷል። የቀረን የጨረታው ዕቃ ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ጨረታ እያንዳንዱ የጨመረውን የሚሰጥበትን መንገድ እናድርግ ወይስ አሸናፊው ብቻ ይክፈል የሚለው ገና አልተቋጨም። እኔ የመጀመሪያውን ነው የምደግፈው፣ አሥር ሰው ሲጫረት አሥሩም ይሰጣላ። ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ፣ ደረሰኙን ለየሰው እንዴት እንደጻፋችሁ ብትነግሩኝ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤው እገባለሁ።