14 ሰው ያስተኛል የተባለው ቤት

ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤተሰብ ጉዞ የኪራይ ቤት የመረጥኩት 20 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። መዋኛ ገንዳ አለው፣ ፎቶው ያምራል፣ «14 ሰው ያስተኛል» ይላል። እኛም 14 ነን። ሊንኩን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጣል አደረግኩት፣ ሁሉም ልብ ልብ ላከ፣ ከፈልኩ፣ አለቀ።

አልዋሹም፣ 14 ሰው አስተኛ። ችግሩ የት የሚለው ነው። አራት መኝታ ክፍሎች ነበሩት፣ እነሱ 8 ሰው ያዙ። ሳሎን ያለው ተዘርጊ ሶፋ ሁለት። ከደረጃው በላይ ያለች ቆጥ የመሰለች ቦታ ላይ መሬት የተነጠፉ ሁለት ፍራሾች። የቀረው ሁለት ሰው ኮሪደር ላይ፣ ልክ ሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በሌላ ተዘርጊ ሶፋ ላይ ነው። እዚያ የደረሳቸው አጎቴና የአክስቴ ልጅ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ብልጥ ነው፣ በመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ልብሱን ይዞ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ወረደ። አጎቴ ግን ይሉኝታ ይዞት ሁለት ሌሊት ቻለው። ማታ ሽንት የመጣበት ሁሉ እግሩን ተሻግሮ ነው የሚያልፈው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር መብራቱ ፊቱ ላይ ይበራል፣ የሶፋው መሃል ላይ ያለው ብረት ደግሞ ወገቡን ይወጋዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንፈልገው መኪና ውስጥ አገኘነው። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፍቶ፣ ጫማውን ዳሽቦርዱ ላይ ደርድሮ፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። መስኮቱን ስነካካ አንድ ዓይኑን ከፈተና «ተወኝ፣ ይሄ ቢያንስ በር አለው» አለኝ።

በዓመቱ ቤት ፈልግ ስባል (አዎ፣ እንደገና እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው እሺ ስላላለ) ያቺን ንግግሩን ይዤ ነው የጀመርኩት። የሚቆጠረው ለካ በር ነው።

ስለዚህ ምንም አፕ ሳልከፍት በፊት ወረቀት አወጣሁ። ማን ከማን ጋር መተኛት ይችላል? አባቴና እናቴ አንድ ክፍል፣ እሱም ምድር ላይ፣ ምክንያቱም አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ደረጃ አይወጣም። እህቴና ባሏ ከጨቅላዋ ጋር አንድ። እኔና ባለቤቴ አንድ። አክስቴና አማቴ አንድ ክፍል ይስማማሉ፣ አንድ አልጋ ግን አይታሰብም። አማቴ ይህን ሲሰሙ «እኔ የትም እተኛለሁ ልጄ» አሉኝ፣ እንዲህ ሲሉ ደግሞ የትም እንደማይተኙ አውቃለሁ። አጎቴና የአክስቴ ልጅ አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ። ሦስቱ ልጆች አንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋም ቢሆን ለእነሱ ጨዋታ ነው። 6 በር። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ላይ የሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ቢያንስ 6 መኝታ ክፍል» ብዬ አጣራሁ፣ ከተደረደሩት ቤቶች አብዛኞቹ ባንዴ ጠፉ። ደስ አለኝ። ምርጫ ሲበዛ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ግሩፑ ላይ ሌላም ጥያቄ ጠየቅኩ። ማን ያንኮራፋል? ሁሉም «እኔ አላንኮራፋም» አለ። እኔም አመንኩ።

አልጋ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ማስታወቂያው ላይ «ደብል» ሲል ሁለት ሰው ማለት ይመስላል። በአሜሪካ ልኬት ደብል አልጋ 137 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። ለሁለት ስታካፍለው ለአንድ ሰው 68 ሴንቲሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ይህ ደግሞ ከሕፃን አልጋ ፍራሽ ስፋት ብዙም አይለይም። ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ለአንድ ሳምንት እዚያ ላይ አስተኝቶ በሰላም መመለስ ከባድ ነው። «ኩዊን» 152፣ «ኪንግ» 193 ገደማ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል የአልጋውን ዓይነት ጻፍኩ፣ ያልተጻፈውን አከራዩን ጠየቅኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፣ እኔ ለአንድ ቤት 11 ጥያቄ ልኬያለሁ። ሁሉንም የመለሰልኝን ሰው ቤት ነው በመጨረሻ የተከራየሁት። የቀሩት ሁለት አከራዮች «ሁሉም ነገር ማስታወቂያው ላይ አለ» ብለው መለሱ፣ ለእኔ ያ ራሱ መልስ ነበር።

ከዚያ ሻወር። የመጀመሪያው ቤት «ሁለት ተኩል መታጠቢያ ቤት» ይል ነበር። ግማሿ ምን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ለካ ግማሽ ማለት ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ብቻ፣ ሻወር የሌለው ማለት ነው። ስለዚህ ለ14 ሰው ሁለት ሻወር። እሱም ባልከፋ፣ ሙቅ ውሃው ቢበቃ። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ፎጣ በትከሻ ሰልፍ ነው፣ አራተኛው ሰው ሲገባ ጩኸት ይሰማል፣ ውሃው በረዶ ሆኖበታል። ማሞቂያውን ጠግኑልን ብለን ደወልን፣ ሰውዬው መጥቶ አየና ምንም አልተበላሸም አለን። ልክ ነበር። ሒሳቡን በኋላ ነው የሠራሁት። በአሜሪካ የተለመደ የቤት ማሞቂያ ጋን ከ150 እስከ 190 ሊትር ይይዛል። አንድ ሻወር በደቂቃ 8 ወይም 9 ሊትር ይወስዳል፣ 10 ደቂቃ የቆመ ሰው እንግዲህ ከ80 እስከ 90 ሊትር ጨረሰ። ከቀዝቃዛው ጋር ስለሚደባለቅ ትንሽ ይራዘማል እንጂ ሦስት ሰው በተከታታይ ከገባ ጋኑ አለቀ፣ እንደገና እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። ጋን የሌላቸው፣ ውሃውን እየፈሰሰ የሚያሞቁ አሉ፣ እነሱ አያልቅባቸውም፣ ግን ሦስት ሻወር ባንዴ ሲከፈት ግፊቱ ይቀንሳል ወይ ውሃው ለብ ይላል። አሁን ለአከራይ የምልከው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማሞቂያው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ስንት ማሞቂያስ አለ?» የሚል ነው። ይስቁብኛል መሰለኝ። ይሳቁ። ሁለተኛው ቤት አራት ሻወርና ሁለት ማሞቂያ ነበረው።

ፎቶ የማየት ዘዴዬም ተቀየረ። የቤት ፎቶ በሰፊ ሌንስ ስለሚነሳ ጠባብ ክፍል አዳራሽ ይመስላል። ስለዚህ ግድግዳውን ትቼ መጠኑን የማውቀውን ነገር ማየት ጀመርኩ፦ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ሰው ያልፋል? ሻንጣ የት ይከፈታል? ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ስንት ወንበር አለ? 14 ሰው ያስተኛል የሚል ቤት 6 ወንበር ብቻ ካሳየ የቀረው ሰው ቆሞ ነው የሚበላው። አንዱ ቤት ላይ ደግሞ 6 መኝታ ክፍል ይላል፣ 6 ፎቶ አለ፣ ግን የሆነ ነገር ደበረኝ። አጉልቼ ሳየው «ክፍል 3» እና «ክፍል 5» ላይ ከመስኮቱ ስር ያለው ሶኬት በአንድ በኩል ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁም ያው ነው። አንሶላ ቀይረው፣ ከሌላ ጥግ ያነሱት አንድ ክፍል ነው። ስድስተኛው ክፍል ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አከራዩን በትህትና «የሁሉንም ክፍሎች አጭር ቪዲዮ ይላኩልኝ» አልኩ። አልላኩም።

አስተያየት አነባበብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አምስት ኮከብ የሰጡት ሰዎች ስንት ሆነው ነው የሄዱት? ሁለት ፍቅረኛሞች 14 ሰው የሚይዝ ቤት ውስጥ ገብተው ሙቅ ውሃ አለቀብን ሊሉ አይችሉም። እኔ «ቤተሰብ»፣ «ጓደኞች»፣ «ሁላችንም» የሚሉትን ብቻ፣ ከአዲሱ ጀምሬ አነባለሁ። «ውሃ» እና «ድምፅ» የሚሉ ቃላት ሲደጋገሙ ካየሁ ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚያ ላይ እቆማለሁ።

ካሜራም ጠይቁ። የቤት ማከራያ አፑ ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚገጠም ካሜራ በሙሉ ከልክሏል፣ ውጭ ያለው ግን አስቀድሞ እስከተነገረ ድረስ ይፈቀዳል። ይህን የምለው ለምን መሰላችሁ? በመጀመሪያው ጉዞ አንድ ዘመድ ለምሳ ብቻ ብሎ ብቅ አለ፣ ምሽት ላይ አከራዩ «15ኛው ሰው ማነው?» ብሎ መልእክት ላከ። በር ላይ ካሜራ ነበረ። ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። አሁን እንግዳ ካለ ቀድሜ እናገራለሁ፣ ሕፃኗንም ሳይቀር እቆጥራለሁ።

ወደ ገንዘብ ልምጣ። እዚህ ላይ ቤተሰብ ይጣላል። ለአንድ ሌሊት ተብሎ የሚታየው ዋጋና መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፦ የጽዳት ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ አንዳንዴም ከተወሰነ ቁጥር በላይ ለሆነ ሰው የሚጨመር ክፍያ፣ ታክስ። የጽዳቱ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሌሊትም ሰባት ሌሊትም ቆዩ አይለወጥም፣ ስለዚህ ለአጭር ጉዞ ርካሽ የመሰለው ቤት ውድ ሆኖ ይገኛል። እኔ የማወዳድረው የመጨረሻውን ድምር ለሰውና ለሌሊት አካፍዬ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ሁሉንም በራሴ ካርድ ከፍዬ «በኋላ ታመጣላችሁ» ብዬ ነበር። የመጨረሻው ሰው ድርሻውን የከፈለኝ ከአራት ወር በኋላ ነው፣ እሱም ሠርግ ላይ ተገናኝተን አፍሮ። ሁለተኛው ጊዜ ቡክ ከማድረጌ በፊት ሰበሰብኩ። ያልከፈለ ክፍል የለውም አልኩ። ሁለት ቀን አኮረፉኝ፣ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ከፍሎ ነበር። አከፋፈሉ በሰው ሳይሆን በክፍል ሆነ፣ የልጆቹ ክፍል በወላጆቻቸው ተካፈለ፣ ማንም አላጉረመረመም (አክስቴ ትንሽ)። የስረዛ ደንቡንም አንብቤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሚመለስበትን የመጨረሻ ቀን ስልኬ ላይ ማስታወሻ አደረግኩ፣ ደንቡ ከቤት ቤት ይለያያልና።

አንዱ አከራይ ደግሞ «ከአፑ ውጭ በባንክ ብትልክልኝ 15 በመቶ እቀንስልሃለሁ» አለኝ። ቤቱ ያምር ነበር። ግን ከአፑ ከወጣህ ቤቱ በአካል ባይኖርም የምትጮህለት ሰው የለም። አመስግኜ ዘጋሁት።

ምርጫውን ለግሩፕ መተው ሌላው ጥፋቴ ነበር። 14 ሰው ሲመርጥ ማንም አይመርጥም፣ ሊንክ ብቻ ይጎርፋል። ገንዳ የሚል አለ፣ ባሕር ዳርቻ የሚል አለ፣ «እኔ የፈለጋችሁት ይመቸኛል» ብሎ ከተከፈለ በኋላ «ዋይፋይ የለውም?» የሚል አለ። በሁለተኛው ዙር ሁሉም አንድ የማይተወው ነገር ብቻ ይንገረኝ አልኩ። አንድ ብቻ። አባቴ ምድር ላይ መኝታ አለ፣ እህቴ የገንዳ አጥር አለች፣ አጎቴ የታወቀ ነው። ያንን የሚያሟሉ ሦስት ቤቶችን ከነድምራቸው አቀረብኩ፣ 24 ሰዓት ሰጠሁ፣ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል አልኩ። ዘጠኙ አንዱን መረጡ፣ አምስቱ ዝም አሉ።

ደርሰን እኔ በሮቹን ቆጠርኩ፣ ስድስት። በእያንዳንዱ በር ላይ ስም ጽፌ ወረቀት ለጠፍኩ፣ ባለቤቴ ሳቀችብኝ። አጎቴ የራሱን በር ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፣ ከውስጥ ቆለፈው፣ ፈታው፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ማታ ማንም ኮሪደር ላይ አልተኛም። ጠዋት ሻወር አልተሰለፍንም።

ቁርስ ስንቀመጥ አጎቴ የለም። ክፍሉ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ብቻውን በጀርባው ተኝቶ፣ ከውጭ የሚሰማ የትራክተር ድምፅ የመሰለ ያንኮራፋል። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ግቢው አየሁ። ጫማው ዳሽቦርዱ ላይ ነበር።